አረንጓዴውን ማን ወሰደው?

የከተማችንን ስም አልነግራችሁም። ብነግራችሁ ምን ልታደርጉበት ነው? ስሟን ያወቀ ሰው መንገዷን ይጠይቃል፣ መንገዷን የጠየቀ ሰው ደግሞ ይመጣል፣ የመጣ ሰው ምን ፈልጎ እንደመጣ አይታወቅም። ስለዚህ በጠባብ ገደል ውስጥ ያለች፣ መብራት የሚያመነጭላት ፏፏቴ ያላት አንዲት ከተማ ናት ብዬ ልለፋት። ይህም በዝቷል።

ፀሐይ እኛ ጋ እንግዳ ናት። ቀትር ላይ ከገደሉ አፍ ብቅ ትልና፣ ቸኩያለሁ እንደምትል ጎረቤት በር ላይ ቆማ ሰላም ብላን ትሄዳለች። ጎመን እንኳ ብንዘራ ቢጫ ሆኖ ነው የሚወጣው። ድሮ ሰዉ ደሙ ሳስቶ መንገድ ላይ እየተዝለፈለፈ ይወድቅ ነበር አሉ። አንድ መንገደኛ አረንጓዴ ውሃ በጠርሙስ ይዞ የመጣው ያኔ ነው። አያቶቻችን ሞኞች አልነበሩም፤ ሰውዬውን አስረው ውሃውን ለራሱ አጠጡት። ሳይሞት ሲቀር፣ ምን አስቦ ነው ያልሞተው ብለው ጥቂት ደግሞ አቆዩት። ከዚያ በኋላ ነው ማርባቱን ያስተማራቸው። ሲጨርስ አመስግነው አባረሩት።

አረንጓዴው ምን እንደሆነ ለማያውቅ ልንገር፤ ይህን መንገር የሚጎዳ አይመስለኝም። ውሃ ውስጥ የሚኖር ነገር ነው። ቅጠል የለው፣ ሥር የለው፣ አንዱን ለብቻው በዓይን ማየት አይቻልም፤ ሲበዛ ግን ውሃውን ጥቁር አረንጓዴ ያደርገዋል። ሶዳ የሟሟበት ለብ ያለ ውሃ በመስታወት ገንዳ ይደረግለታል፣ ከላዩ አንድ አምፖል ይንጠለጠልለታል፣ ጠዋትና ማታ በእንጨት ይማሰላል። ሲበረታ በሻሽ ይጠለላል። ሻሹ ላይ የሚቀረው ሊጥ የመሰለ ነገር እንዲሁ ይበላል፣ ወይም ደርቆ ተፈጭቶ በሶ ላይ ይነሰነሳል። ስለ ጣዕሙ አልዋሽም፤ የኩሬ ዳር የኩሬ ዳር ይላል። ደም ግን ይሞላል። ማጥለያውን ሻሽ የምሰፋው እኔ መንበሩ ነበርኩ፤ በከተማው ውስጥ ያላየሁት ገንዳ አልነበረም፣ ከአንዱ በቀር።

ስለ ጠባያችን ሰው ብዙ ያወራል። ተጠራጣሪዎች ናቸው ይሉናል፤ እኛ ጥንቃቄ ነው የምንለው። እኛ ጋ "እንዴት አደርክ?" ያለ ሰው "ለምን ጠየቅኸኝ?" ተብሎ ነው የሚመለስለት። ነውር አይደለም፣ ሰላምታችን ነው። ሰው ቤት ስትጋበዝ ባለቤቱ መጀመሪያ ይጎርሳል፣ ይውጣል፣ ከዚያ አፉን ከፍቶ ያሳይሃል። ሳያሳይህ ከቀረ ንቆሃል ማለት ነው። መሐል አደባባዩ ላይ ደግሞ ጥርጣሬ ሰሚ የሚባል ሹም ተቀምጧል። በእኔ ጊዜ አቶ እንዳይላሉ ነበሩ፤ ቀጭን፣ ረጋ ያሉ፣ ሲሰሙ ዓይናቸውን የሚጨፍኑ ሰው። ማንም የጠረጠረውን ይዞ ሄዶ በጆሯቸው ይነግራቸዋል። ሳይጠረጥር የቆየ ሰው ደግሞ ይጠራና "ምን ደብቀህ ነው?" ይባላል።

ሕጉ ቀላል ነው። የተጠረጠረ ሰው ተይዞ የሚቆየው የጠረጠረው ሰው ጥርጣሬውን እስካላነሳ ድረስ ነው። ካነሳ ጥርጣሬው ሜዳ ላይ አይቀርም፤ ዞሮ በአንሺው ላይ ይሆናል። ስለዚህ የሚያነሳ ሰው የለም። በእኔ ዕድሜ እገሌ አነሳ ሲባል ሰምቼ አላውቅም ነበር።

ባለቤቴ ይመናሹ ግን ጥርጣሬ አይሆንላትም። ተጠርታ በሄደች ቁጥር የምትለው አንድ ነገር ነው፤ "ባሌ ሆን ብሎ ያንኮራፋል ብዬ እጠረጥራለሁ።" አቶ እንዳይላሉ ዓይናቸውን ጨፍነው ይሰሙና "ይጣራል" ይላሉ። በዚህ የተነሳ መርማሪዎች አልጋዬ አጠገብ ወንበር ስበው ስንቴ አድምጠውኛል። እሷ ትስቃለች፤ እኔን አያስቀኝም።

ይመናሹ የታመመችው ከወሊድ በኋላ ነው። ልጁ አልቆየልንም፤ ከእሱ ጋር የፈሰሰው ደሟም ሳይመለስ ቀረ። ሐኪሙ "በየጠዋቱ አንድ ሙሉ ማንኪያ አረንጓዴ ትውሰድ። ከጎደለባት አትቆምም" አለኝ። እውነቱን ነበር። ማንኪያዋን በልታ የዋለች ቀን ድልድዩ ድረስ ደርሳ ትመለሳለች፣ ከእኔ ጋር ለመጣላትም አቅም ይተርፋታል። የጎደለባት ቀን ከንፈሯ አመድ ይመስላል፣ ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ ትቀራለች። ከእሷ ሌላ ማንም የለኝም። ይህን የምነግራችሁ ነገሩ እንዲገባችሁ እንጂ እንድታዝኑልኝ አይደለም፤ የማያውቀኝ ሰው ቢያዝንልኝ ምን ፈልጎ ነው እላለሁ።

አንድ ጠዋት ላማስል ብዬ ሳይ ገንዳችን ገርጥቷል። ጥቁር አረንጓዴ የነበረው ውሃ የጠወለገ የሰናፍጭ ቅጠል መስሏል። ያየሁትም በደንብ ነው፤ ምክንያቱም ፊት ለፊታችን የሚኖረው ሰውዬ እኛን ጠርጥሮ የተሰጠውን ትልቅ አምፖል በመስኮታችን አነጣጥሮ ሰቅሎት ስለነበር ቤታችን ቁልጭ ብሎ ይታይ ነበር። አጥልዬ ያገኘሁት ማንኪያ አልሞላም። ይመናሹ ላሰችው። እኔ ግን ማን ወሰደው ብዬ ነገሩ ከነከነኝ።

ብዙ ማሰብ አላስፈለገኝም። ግድግዳ የምንጋራቸው እትዬ ተዋበች የሚባሉ ባል የሞተባቸው ሴትዮ ነበሩ። አላየሁትም ያልኳችሁ ገንዳ የእሳቸው ነው። አንዷን አሮጌ አምፖላቸውንም ገንዳውንም አንድ ላይ በወፍራም ብርድ ልብስ እንደ ድንኳን ሸፍነው ነው የሚያኖሩት። ማጥለያ ሲያዙኝ እንኳ ልኩን በክር ለክተው በበሩ ስንጥቅ ነበር የሚያቀብሉኝ። ደብቀው የሚያኖሩት ምን ቢሆን ነው?

አደባባይ ሄጄ በአቶ እንዳይላሉ ጆሮ ተናገርኩ።

"ብርድ ልብስ?" አሉ፣ ዓይናቸውን ሳይገልጡ።

"ወፍራም።"

"ስታየው ምን ተሰማህ?"

"ከነከነኝ።"

"ደህና ጥርጣሬ ነው" አሉና ጠባቂ አምፖል አሰጡኝ። ጠባቂ አምፖል የሚባለው ሌባው ሲመጣ እንዲታይ ገንዳው ላይ የሚሰቀል ትልቅ አምፖል ነው። ሰቀልኩት። ውሃው የባሰ ገረጣ። ሌባው ብርሃን የማይፈራ፣ ዓይን ያወጣ ሌባ መሆኑን ያኔ ተረዳሁ። ሄጄ ሌላ ጠየቅኩ፣ ሰጡኝ። ደግሞ ገረጣ። በየጠዋቱ አደባባይ እየሄድኩ እጠይቅ ጀመር።

እኔ ብቻ ብሆን ምን ነበረበት። ማጥለያ ላስረክብ በየቤቱ ስገባ የሁሉም ገንዳ እየገረጣ፣ ሁሉም አምፖል እየጨመረ ነበር። ቀስ በቀስ ከተማው ማታ የሚባል ነገር አጣ። ዶሮዎች መጀመሪያ ሳያቋርጡ ጮኹ፣ ኋላ ተስፋ ቆርጠው ዝም አሉ። ሰዉ ዓይኑን በሻሽ አስሮ መተኛት ጀመረ፤ ለእኔ ሥራ ሆነልኝ። ግን ብዙም ሳይቆይ ተከለከለ። ዓይኑን የሸፈነ ሰው ምን ላለማየት እንደሆነ ያስረዳ ተባለ። ቀጥሎ ሌባ የሚደበቀው ጥላ ውስጥ ነው ተብሎ ጥላ ተከለከለ። የገበያው ዛፍ ተመለመለ፣ ጃንጥላ በሙሉ ተሰበሰበ። የፏፏቴው ርጭት ባይኖር አንቆጭም ነበር፤ እርጥብ ልብስ ለብሰን መሄድ ለመድን።

ሊቃውንቱም ተሰብስበው መከሩ። ውሃው እንዳልጎደለ ለኩ፣ በሮቹ እንዳልተነኩ መረመሩ። ከዚያ ወጥተው ሌባው እጅግ የረቀቀ ነው፣ አረንጓዴውን ለይቶ ወስዶ ቢጫውን ይተዋል አሉ።

"ቢጫውን ለምን ተወልን?" ብሎ አንድ ሰው ጠየቀ።

"እንዳንጠረጥር" አሉት።

ለሁላችንም ገባን።

በዚህ መሐል ይመናሹ እየደከመች መሄድ ነበረባት። ከገንዳችን የማገኘው የማንኪያውን ጫፍ እንኳ አይነካም ነበር። እሷ ግን አልወደቀችም። ከንፈሯ ደህና ነው፣ ትነሳለች፣ ትቀመጣለች፣ ታሾፍብኛለች። እግዜር ይመስገን ብዬ ተውኩት። አሁን ሳስበው ያንን አለመጠርጠሬ ይገርመኛል፤ ደስ ያለውን ነገር ሰው አይመረምርም መሰለኝ።

ከዚያ የምላሱ አዋጅ ወጣ። አረንጓዴ የበላ ሰው ምላሱ አረንጓዴ ይሆናል፤ ስለዚህ ሕዝቡ በሙሉ ድልድዩ ላይ ተሰልፎ ምላሱን ያሳይ ተባለ። በሽተኞች ቤታቸው እንዲቀሩ ተፈቀደ፤ የሰረቀ ሰው አይታመምም የሚል ነው ምክንያቱ። ተሰለፍን። ሹም ሆነ ተራ ሰው፣ ሽማግሌ ሆነ ጎረምሳ፣ ምላሱን አውጥቶ በአቶ እንዳይላሉ ፊት ያልፋል። የሁሉም ነጭ ነው። የእኔም ነጭ ነው። የአቶ እንዳይላሉም ነጭ ነበር፣ አስቀድመው አሳይተውናል፣ በዚህ አይታሙም።

እትዬ ተዋበች ደረሱ። ጉንጫቸው ደም መስሏል። ምላሳቸውን አወጡ። አረንጓዴ።

ድልድዩ ላይ የነበረ ሰው ሁሉ እፎይ አለ።

"ከየት አመጡት?" አሉ አቶ እንዳይላሉ።

"ከገንዳዬ።"

"የሁላችን ሲገረጣ የእርስዎ ለምን ሳይገረጣ ቀረ?"

"እኔ ምን አውቃለሁ።"

"ብርድ ልብሱስ ለምንድን ነው?"

"እናንተን ፈርቼ ነዋ" አሉ። "ማን መጥቶ አንድ ነገር ጠብ እንደሚያደርግበት አላውቅም። ይሄንን ሰውዬማ ጭራሽ አላምነውም።" በአገጫቸው ወደ እኔ አመለከቱ።

ሕዝቡ ራሱን ነቀነቀ፤ እንዲህ ያለ መልስ የጨዋ መልስ ነው። ሕግ ግን ሕግ ነው። የጠረጠርኳቸው እኔ ነበርኩ፣ ጥርጣሬዬም ፍሬ አፍርቷል። እትዬ ተዋበች አደባባዩ ላይ ወዳለው የመስታወት ቤት ገቡ። ተጠርጣሪ የሚቀመጥበት ቤት ነው፤ ዙሪያውን አምፖል ነው፣ የሚያልፍ ሁሉ ያየዋል፣ የተቀመጠው ሰው ግን ከብርሃኑ የተነሳ ማንንም አያይም። ገንዳቸውም ብርድ ልብሱ ተገፎ ወጣና የከተማው ትልቁ አምፖል ሥር ተቀመጠ። ጥቁር አረንጓዴ ነበር። ሰዉ ከቦ ያየው ነበር፣ አንዳንዱ አለቀሰ። የእኛ ነው፣ ተመለሰልን ይል ነበር።

እየሮጥኩ ቤቴ ገባሁ።

"ተያዘች!" አልኳት ይመናሹን። አንቱታው ጠፋብኝ።

"ማን?"

"ተዋበች። ሌባዋ።"

"በምን ተያዙ?"

"ምላሷ አረንጓዴ ነው።"

ይመናሹ አየችኝ። ከዚያ ቀስ ብላ ምላሷን አወጣች። ከጫፍ እስከ ሥሩ አረንጓዴ ነው።

አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ። ምላሷን መለሰችና፣ "በየጠዋቱ በጓሮ መስኮት ማንኪያ ሙሉ ያቀብሉኛል" አለች። "አንተ እሳቸውን ልትከስ አደባባይ ስትሄድ ነው የሚመጡት። ያኔ እንደማትኖር ያውቃሉ።"

"መርዝ ቢሆንስ?"

"መጀመሪያ ራሳቸው ጎርሰው፣ ውጠው፣ አፋቸውን ከፍተው አሳዩኝ። በየቀኑ።"

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"ታስጥለኝ የለ?"

እውነቷን ነው፣ አስጥላት ነበር። ብድግ አልኩ፣ ተቀመጥኩ፣ ደግሞ ብድግ አልኩ። ሴትዮዋ ሚስቴን ለምን ያበላሉ? ምን ፈልገው ነው? ባሰብኩት ቁጥር የበለጠ ተናደድኩ። ይመናሹ፣ "ሄደህ ጥርጣሬህን አንሳ" አለችኝ። ባነሳ በእኔ ላይ እንደሚሆን ነገርኳት። እኔ መስታወት ቤት ከገባሁ አንቺን ማን ያይሻል አልኳት። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

አደባባዩ ላይ የተቀመጠው ገንዳ ብዙ አልቆየም። እዚያ ሁሉ አምፖል ሥር፣ እዚያ ሁሉ ዓይን ሥር እየገረጣ እየገረጣ ሄዶ እንደ እኛዎቹ ቢጫ ሆነ። ሌባዋ መስታወት ቤት ተቀምጣ እያየናት! ሊቃውንቱ ግብረ አበር አላት አሉ። ግብረ አበሩ ከጠባቂዎቹ አንዱ ሳይሆን አይቀርም ተባለና ጠባቂዎቹን የሚጠብቁ ጠባቂዎች ተሾሙ፤ እነሱም አምፖል አምፖል ይዘው መጡ።

የጓሮዋ ማንኪያ ከቀረች በኋላ ይመናሹ ወደቀች። መጀመሪያ ድልድዩ ቀረ፣ ከዚያ ደረጃው፣ ከዚያ አልጋው ላይ ቀና ማለቱም ቀረ። ጥፍሯ ሥር ነጣ። በየቤቱ እየዞርኩ ለመንኩ፤ ማን ምን አለውና ይስጠኝ። ሐኪሙ መጥቶ አያትና እኔን ሳያየኝ ወጣ። ያን ጊዜ ፈራሁ። በሕይወቴ ሰውን ስጠረጥር እንጂ ስፈራ አላውቅም ነበር።

"መንበሩ" አለችኝ። ድምጿ ቀጥኗል። "አንድ ነገር ታደርግልኛለህ?"

"ምን?"

"እነዚህን መብራቶች አጥፋልኝ። መተኛት አማረኝ። ከሞትኩም ጨለማ ውስጥ ልሙት፣ ይሄ ነገር ዓይኔን በላው።"

ጠባቂ አምፖል ማጥፋት ወንጀል ነው። ለሌባ በር መክፈት ነው። ግን አንጀቴን በላችው። ወንበር ላይ ወጥቼ አንድ በአንድ አጠፋኋቸው፤ የቀረው ድሮውኑም የነበረን አሮጌው አምፖል ብቻ ነው። የፊት ለፊቱ ሰውዬ መብራት እንዳይገባ የቀረኝን ማጥለያ ሻሽ ሁሉ ደራርቤ መስኮቱ ላይ ሰፋሁት። ቤቱ ድንግዝግዝ አለ። ይመናሹ ረጅም ትንፋሽ ወስዳ እንቅልፍ ወሰዳት። እኔም አጠገቧ ተኛሁ፤ አንኮራፍቼ ይሆናል፣ ማንም አላደመጠም።

ገንዳውን ማማሰል ልማድ ነውና አልተውኩትም። ተስፋ ግን አላደረግኩም። ውሎ ሲያድር የገንዳው ጥግ ላይ ጭላንጭል አረንጓዴ አየሁ። ዓይኔ ነው ብዬ ተውኩት። ደግሞ ሲያድር ጥጉ ሰፋ። ሌባው መለሰው ማለት ነው ብዬ ደጁን ፈተሽኩ፣ ጣራውን ፈተሽኩ፣ ማንም አልገባም። ከዚያ ቀና ብዬ የጠፉትን አምፖሎች አየሁ፣ ዝቅ ብዬ ውሃውን አየሁ። የእትዬ ተዋበች ብርድ ልብስ ትዝ አለኝ። ገንዳቸው አደባባይ ሲወጣ ምን እንደሆነም ትዝ አለኝ። ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ። ለካ ያንን ሁሉ ጊዜ ሌባውን በእጄ እየሰቀልኩት ነበር።

ማንኪያ ሲሞላልኝ ለይመናሹ ሰጠኋት። በላች፣ ምላሷን አውጥታ አሳየችኝና ፈገግ አለች። ከንፈሯ ላይ ደም ያየሁት ከዚያ በኋላ ነው።

ታዲያ ያ ሁሉ መንገድ ሲያበራ አንድ ጨለማ መስኮት ይሰወራል? የፊት ለፊቱ ሰውዬ ሄዶ ተናገረ። አቶ እንዳይላሉ አጃቢዎቻቸውን አስከትለው መጡ፣ ገብተው ሻሹን ቀደዱ፣ ገንዳውን አዩ። አረንጓዴ። ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይናቸውን ሳይጨፍኑ አነጋገሩኝ።

"ይሄ ከየት መጣ?"

"አምፖሉን ሳጠፋ ተመለሰ። ብርሃኑ በዝቶበት ነው የሚገረጣው። የሰረቀ ሰው የለም።"

"አምፖሎቹ ይጥፉ ነው የምትለው?"

"አንድ ይበቃል።"

"አምፖሎቹ ቢጠፉ የሚጠቀመው ማነው?"

"ሁላችንም።"

"ሌባው" አሉ። ከዚያ ቀረብ ብለው ድምጻቸውን ዝቅ አደረጉ። ክፉ ሰው አልነበሩም፣ መውጫ ሊሰጡኝ ነው የፈለጉት። "መንበሩ፣ ነገሩን አቅልልልኝ። ሴትዮዋ በሆነ መንገድ ወጥታ ነው የመለሰችው በለኝ። ገንዳህ ይቅርልሃል፣ ሚስትህም ትድናለች። ማንን ነው የምትጠረጥረው?"

ይመናሹን አየኋት። አልጋው ላይ ቀና ብላ ተቀምጣለች፤ ጥርሷን ነክሳለች። የቤቱ ሰው ሁሉ ይጠብቀኛል። ያለ ማንኪያው እንደማትቆም አውቃለሁ፤ አንድ ስም ብጠራ ማንኪያው ይቀርልኛል። ስሙም አፌ ላይ ነበር፣ ስንት ጊዜ ጠርቼዋለሁ። ግን እኒያ ሴትዮ በየጠዋቱ መስኮታችን ሥር ቆመው፣ ጎርሰው፣ አፋቸውን ከፍተው ሲያሳዩ ታየኝ። እኔ በዚያች ሰዓት የት እንደነበርኩ ደግሞ አውቃለሁ።

"ማንንም አልጠረጥርም" አልኩ።

አጃቢዎቹ ወደ ኋላ ሸሹ። አንዱ በሩን ከፍቶ ወጣ። አቶ እንዳይላሉ ያልሰሙ መስለው ጆሯቸውን አቀረቡ።

"እትዬ ተዋበችንም አልጠረጥርም። ጥርጣሬዬን አንስቻለሁ።"

እንዲህ ያለ ሰው ምን እንደሚደረግ የሚያውቅ አልነበረም። ሲመክሩ ዋሉ። መስታወት ቤት እንዳያስገቡኝ ምንም የማይጠረጥር ሰው ለሌላው ይተርፋል ብለው ፈሩ፤ እንደ ተስቦ። በመጨረሻ ከተማውን ለቀህ ውጣ ተባልኩ። ገንዳው ማስረጃ ነው ተብሎ ተወሰደ። ይመናሹ ግን የሹሞቹን ጫጫታ ተገን አድርጋ አንድ ጠርሙስ ሞልታ ብብቷ ሥር ከታዋለች። የገዛ ሚስቴን አለመጠርጠሬ ሲጠቅመኝ ይህ ሁለተኛው ነው።

እትዬ ተዋበች ነፃ ወጡ። ዓይናቸው ከብርሃኑ የተነሳ እንባ ያፈሳል። ብርድ ልብሳቸውን ከአደባባዩ አነሱና፣ ይመናሹን አዝዬ ዳገቱን ስጀምር ከኋላችን መጡ።

"እርስዎ ምን አስወጣዎት? መቅረት ይችላሉ እኮ" አልኳቸው።

"ገንዳዬ ሞተ። የቀረችው እፍኝ አረንጓዴ እሷ ብብት ሥር ናት" አሉ። "ከአንተ ጋር ብቻዋን አልለቃትም። አላምንህም።"

ጠርሙሱን በብርድ ልብሱ ጠቅልለው እስከ ላይ እሳቸው ተሸከሙት።

ገደሉ አፍ ላይ ስንወጣ ፀሐይ ነበረች፤ ሙሉ ቀን። ሦስታችንም ግራ ገባን። አንድ ጎጆ ቀልሰን፣ አዲስ ገንዳ አበጅተን ከዛፍ ጥላ ሥር አደረግነው። ለአረንጓዴው ይህ ይበቃዋል። እትዬ ተዋበች ግን አሁንም ይሸፍኑታል፤ በብርሃኑ አይደለም፣ በእኔ ነው። ጠዋት ጠዋት መጀመሪያ እሳቸው ይጎርሳሉ፣ አፋቸውን ከፍተው ያሳያሉ፣ ከዚያ ማንኪያው ለይመናሹ ይሰጣል። ይመናሹ ዛሬ ምንጭ ወርዳ ትመለሳለች። አዳዲስ ጠብ አምጥታብኛለች።

ማታ ማታ ጫፉ ላይ ቆመን ወደ ታች እናያለን። ከተማችን ፍም የሞላበት ምድጃ መስላ ታበራለች። ይመናሹ የምትፈልገው አንድ ጨለማ መስኮት ነው። ዓይኗን አጥብባ መንገድ በመንገድ ትፈትሻለች። የለም።

ባለፈው አንድ ሰው ዳገቱን እያለከለከ ወጣ። አቶ እንዳይላሉ ናቸው። ልብሳቸው ሰፍቷቸዋል፣ ከንፈራቸው የማውቀውን አመድ መስሏል።

"እንዴት ዋሉ?" አልኩ።

"ለምን ጠየቅኸኝ?" አሉና ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። "እናቴ መቆም አቅቷታል" አሉ።

ይመናሹ ጠርሙስ ሞላች። እትዬ ተዋበች አጉረመረሙ፣ ግን ማንኪያ አንስተው ጎረሱ፣ ዋጡ፣ አፋቸውን ከፍተው አሳዩአቸው። ሰውዬው አፋቸውን ሲያዩ ዓይናቸው እንባ ሞላ።

"አንድ አምፖል ብቻ። ሌላውን ያጥፉ፣ መስኮቱን ይሸፍኑ" አለቻቸው ይመናሹ።

ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙ። "ይህን የምትነግሪኝ ምን ፈልገሽ ነው?"

"እናትዎ እንዲቆሙ።"

"ሌላስ?"

"ሌላ የለም።"

ጠርሙሱን ይዘው ወረዱ። ያምኑናል ብዬ አልጠበቅኩም፤ እኔ ራሴ እሳቸውን ብሆን አላምነንም።

በማግስቱ ሲመሽ ጫፉ ላይ ቆምን። ይመናሹ እጄን ያዘችኝ። ከአደባባዩ ጎን፣ የአቶ እንዳይላሉ ቤት ባለበት፣ አንድ መስኮት ድርግም አለ። ጨለመ። ይመናሹ እንባዋ ወረደ።

ከዚያ የጎረቤታቸው መብራት ዞረ። ቀጥሎ የፊት ለፊቱ። ቀጥሎ ከማዶ። የመንገዱ አምፖል ሁሉ አንድ በአንድ እየዞረ ያቺን መስኮት ያዛት፣ የገደሉ ግድግዳ እንኳ ነጭ ሆነ።

እትዬ ተዋበች ትተውን ጎጆው ውስጥ ገቡ። ዕቃ ሲያንኳኩ፣ ሳጥን ሲጎትቱ ይሰማናል። ገብቼ ሳይ የእኔን መኝታ ወደ ግድግዳው ገፍተው መሬቱን እየጠረጉ ነው።

"ምን እየሠሩ ነው?" አልኳቸው።

"ነገ ሁለት ሰው ይመጣል፣ አንደኛዋ ደግሞ አትቆምም" አሉ። "በበሩ በኩል አድርጋቸው። ያንን ሰውዬ አላምነውም።"

ከዚያ ገንዳው ላይ የነበረውን ብርድ ልብስ ገፈው ለአሮጊቷ አነጠፉላት።